መልስ፦ ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ያነሳኋቸው ኮከቦች ለምን መስመር ሆኑ?
ወንድሜ፣ በ18 ሚሊ ሜትር ሌንስ የካሜራውን መዝጊያ 30 ሰከንድ ከፍተህ ኮከቦቹ የተጎተቱት በትሪፖዱ ጥፋት አይደለም፤ ምድር ስለምትዞር ነው። 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (በሚሊ ሜትር ለሚነገረው ቁጥር) አካፍል፤ የምታገኘው ኮከቦቹ ሳይጎተቱ መክፈት የምትችለው ሰከንድ ነው። ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) እንዳንተ ዓይነት ትንሽ ከሆነ ርዝመቱን መጀመሪያ በ1.5 አባዛ፦ 500 ለ27፣ 18 ሰከንድ ገደማ። እኔ ብሆን 15 ላይ አቆማለሁ፤ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ኤፍ 3.5፣ የብርሃን ስሜታዊነቱ (አይኤስኦ) 3200።

ፎከሱ ላይ አትቸኩል፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚያ ነው። አውቶፎከስ ጨለማ ላይ ይስታል። ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ 10 እጥፍ አጉላና ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን ቀስ እያልክ አዙር። የሌንሱን የእንቅስቃሴ ማረጋጊያም አጥፋ።

ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) ማንሳት ከፈለግክ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዙር፤ የሐዋሳ መብራት ከጀርባህ ይሆናል። የሐይቁ እርጥበት ሌንሱ ላይ ስለሚያርፍ ደረቅ ጨርቅ ያዝ።