ሳክስ ከመስጠታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ አንስቴዥያ ተምራችሁ ገና ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ለምትገቡት ነው የምጽፈው። ስለ ሳክሳሜቶኒየም፣ እኛ ሳክስ ስለምንለው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ጡንቻን ለአጭር ጊዜ ስለሚያዝለው መድኃኒት።

"ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎ ይለቃል" ተብላችኋል። እኛም እንደዚያው ተብለናል። ውሸት አይደለም። ለበሽተኛው በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም በደም ሥር ትሰጣላችሁ። ፊቱ፣ ትከሻው፣ እግሩ ይርገበገባል። ደቂቃ ሳይሞላ ሰውነቱ ይዝላል፣ መንጋጋው ይላላል። ቱቦውን ታስገባላችሁ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ትንፋሹ ይመለሳል።

ግን ለምን ቶሎ ይለቃል? በደም ውስጥ ያለ ኮሊንኢስተሬዝ የሚባል ኢንዛይም ስለሚሰባብረው ነው። አብዛኛው መድኃኒት እንዲያውም ጡንቻ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሰዓቱን የሚቆጥረው የበሽተኛው ደም ነው።

ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን አንድ የገጠር ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ሆኜ ነው። የተባይ ማጥፊያ የጠጣ ወጣት ሌሊት አመጡ። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ ላብ አጥምቆታል፣ የዐይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። የመርዙን ማርከሻ አትሮፒን ጀመርን። ማስተኛውን ኬታሚን ሰጠሁት፣ ሳክስ አስከተልኩ፣ ቱቦው ባንዴ ገባ። ደስ አለኝ።

10 ደቂቃ ሞላ፤ ትንፋሽ የለም። 30 ደቂቃ። አንድ ሰዓት። ቬንቲሌተር፣ የመተንፈሻ ማሽን፣ አልነበረንም፤ ከነርሷ ጋር እየተቀያየርን አምቡ ባግ፣ በእጅ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ እንጨምቃለን። የጠጣው ዓይነት የተባይ መርዝ፣ ኦርጋኖፎስፌት፣ ያንኑ ኢንዛይም እንደሚያሽመደምድ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

"ኧረ ዐይኑ እያነባ ነው" አለች ነርሷ።

"ከመርዙ ነው" አልኳት። መርዙ ያስለቅሳል። ልቡ በደቂቃ 140 ይመታል፤ አትሮፒንም ያንን ያደርጋል። ግን የኬታሚኑ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ሳክስ አያስተኛም፣ ሕመም አያስታግስም። ነቅቶ ቢሆንስ? ጣቱን እንኳ አንቀሳቅሶ ሊነግረኝ አይችልም። ሮጬ የሚያስተኛውን ዲያዜፓም አመጣሁ።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ከመቅዳቴ በፊት እጠይቃለሁ። "ከዘመድ ኦፕሬሽን ሆኖ ሳይነቃ የቆየ ሰው አለ?" ኢንዛይሙ በዘር የጎደላቸው ሰዎች አሉና። "ከተቃጠለ ስንት ቀኑ ነው?" "እግሩ ከዛለ ስንት ጊዜው ነው?" ሳክስ በጤነኛ ሰው የደም ፖታሲየምን በሊትር በ0.5 ሚሊሞል ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ብዙም አያስፈራም። ቃጠሎው ቀናት ባለፉት ወይም ጡንቻው ሽባ በሆነ ሰው ግን ጭማሪው ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ሕፃን ላይ የልብ ምት እንዳይወርድ አትሮፒን በእጃችሁ ይሁን። ፍሪጁንም እዩ፤ ሳክስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ማን ያስታውሰዋል?

ሮኩሮኒየም የሚባለው ሌላ ጡንቻ አዛይ መድኃኒት ይሻላል የሚሉ አሉ። በኪሎ 1.2 ሚሊግራም ሲሰጥ ፍጥነቱ ይቀራረባል። ግን አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ማርከሻው ሱጋማዴክስ ደግሞ በብዙ ሆስፒታሎቻችን እንደ ልብ አይገኝም። እኔ ሳክስን አልጣልኩም።

ልጁ ንጋት ላይ መተንፈስ ጀመረ። ከቀናት በኋላ ቱቦው ወጥቶለት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አየሁት። ሰላም አልኩት። ያን ሌሊት የሰማው ነገር ካለ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም።