«ተቀነሰለት» ወይስ «ተጨመረበት»?

ጥያቄ፦ ስለ ጎልፍ የተጻፈ ነገር ስተረጉም «ሃንዲካፕ» የሚል ቃል ገጠመኝ። የትርጉም መሣሪያው «የተጫዋቹ የአካል ጉዳት 12 ነው» አለኝ። ጉዳት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ግን ምን ልበለው? ማካካሻ? ቅድሚያ?

መልስ፦ መሣሪያው የቃሉን የኋላ ፍቺ ይዞ የፊተኛውን ዘሎታል። ቃሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የዕቃ መለዋወጫ ጨዋታ ስም ነበር። ዳኛው የሁለቱን ዕቃ የዋጋ ልዩነት ይተምናል፤ ተለዋዋጮቹ እጃቸውን ኮፍያ ውስጥ ከተው መስማማት አለመስማማታቸውን ያሳያሉ። ከዚያ ወደ ፈረስ ውድድር ገባ፤ በስፖርት ደካማና ጠንካራ ተወዳዳሪዎችን የማቀራረቢያ ዘዴ ስም ነው። አካል ጉዳት የሚለው ፍቺ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው።

«ማካካሻ» አይጥመኝም። መካስ በደል ወይም ኪሳራ ይፈልጋል። ደካማውን ተጫዋች ግን ማን በደለው? አይችልም፣ አለቀ። «ቅድሚያ» ለሩጫ ያምራል። በአውስትራሊያው የስታዌል ጊፍት የ120 ሜትር ሩጫ ፈጣኑ ከኋላ ይነሣል፤ ሌሎቹ በርግጥም ቅድሚያ አላቸው። ለጎልፍ ግን አይሆንም። የእኔ ምርጫ «ማመጣጠኛ» ነው።

ስሙን ካገኙ በኋላ ግሡን አይርሱ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። አማርኛ ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጫነበት በ«ለት» እና በ«በት» ይለያል። በጎልፍ ጥቂት ምት የመታ ያሸንፋልና፣ ጎልፈኛው 90 ጊዜ መትቶ ማመጣጠኛው 18 ከሆነ፣ 18 ምት ይቀነስለታል፤ የተጣራ ውጤቱ 72 ነው። በሜልበርን ካፕ የ3,200 ሜትር ውድድር ደግሞ የተሻለ ታሪክ ያለው ፈረስ ክብደት ይጨመርበታል። አንዱ ደካማውን ይደግፋል፣ ሌላው ጠንካራውን ይጎትታል። ጎልፍ ራሱ ሁለቱንም ያውቃል። እጅግ ጎበዞቹ ማመጣጠኛቸው ከዜሮ ወዲያ ስለሚያልፍ ምት ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ «በጎልፍ ማመጣጠኛ ማለት ቅናሽ ነው» ብለው እንዳይጽፉ። ጎ በሚባለው የእስያ ሰሌዳ ጨዋታም ደካማው ከ2 እስከ 9 ድንጋይ ቀድሞ እንዲያስቀምጥ ይፈቀድለታል።

ቼዝ ላይ ሲደርሱ «መስጠት»ን ይጠንቀቁ። ሜዳ ላይ «ሁለት ጎል ልስጥህና እንጫወት» ሲባል ማንም አይሳሳትም። «ንግሥቱን ሰጥቶ አሸነፈ» ሲባል ግን በጨዋታው መሐል መሥዋዕት ያደረጋት ይመስላል። «ያለ ንግሥት ጀምሮ አሸነፈ» ይበሉ።

የእግር ኳስ ውርርድ ከሆነ «ሃንዲካፕ»ን እንዳለ ይተዉት። እዚያ ጎሉ የሚቀነሰው ወይም የሚጨመረው ውርርዱ ሲታሰብ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ያሉት ቡድኖች አልተመጣጠኑም። ተወራራጆቹም የሚያውቁት በዚሁ ስሙ ነው።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር እንግዲህ «የተጫዋቹ ማመጣጠኛ 12 ነው» ይሆናል። ለጎልፍ አዲስ ለሆነ አንባቢ ደግሞ «ማለትም 12 ምት ያህል ይቀነስለታል» ብለው ያክሉበት።