ዳ ቪንቺ ኮድን ልጀምረው ወይስ ልተወው ላልሽው

«ዳ ቪንቺ ኮድን አንድ ሰው አዋሰኝ፤ ታሪኩ እውነት ነው ይላሉ። ልጀምረው ወይስ እምነቴን ይረብሽብኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ይህን የዳን ብራውን ልቦለድ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንዴ ተሸውጄ፣ አንዴ ነቄ ብዬ።

መጀመሪያ ያነበብኩት ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ነው። እንግሊዝኛው አይከብድም። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዱም ልክ በሩ ሊከፈት ሲል ያልቃል። ዶርም መብራት ጠፍቶ «ይችን አንዷን ብቻ» እያልኩ በስልኬ ባትሪ ነጋብኝ። ዳን ብራውን በዚህ አይታማም። ከሰዎቹ ግን ብዙ አትጠብቂ። ከመሮጥና ከማብራራት ሌላ ሥራ የላቸውም። ፖሊስ እያሳደዳቸው ሌክቸር ይሰጣሉ!

እኔን የሸወደኝ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ገና ልቦለዱ ሳይጀምር «እውነታ» በሚል ርእስ፣ የጽዮን ማኅበር የሚባል ምስጢራዊ ማኅበር በ1099 የተመሠረተ እውነተኛ ድርጅት ነው ይልሻል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ)። አመንኩ። ለዶርም ልጆችም ሰበክሁ። በኋላ ሳጣራ፣ ማኅበሩን ፒየር ፕላንታር የሚባል ፈረንሳዊ ከጓደኞቹ ጋር በ1956 ያስመዘገበው ሆኖ አገኘሁት። የጥንት ናቸው የተባሉትን ሰነዶችም እነሱው አዘጋጅተው ነው ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያስገቧቸው። ፓሪስ ያለው የሉቭር ሙዚየም የመስታወት ፒራሚድ 666 መስታወት አለው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሙዚየሙ የሚለው 673 ነው። ርእሱ ራሱ ያስቀኛል። ሠዓሊው ስሙ ሌዎናርዶ ነው፤ «ዳ ቪንቺ» የቪንቺ ሰው ማለት ነው። አንድን የኛን ሊቅ ስሙን ትቶ «የደንበጫው» እንደማለት።

ያን ክረምት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ወዳለው አገሬ ገባሁና ለአጎቴ አወራሁላቸው። አጎቴ የቅኔ መምህር ናቸው። እኔም በልጅነቴ እሳቸው ዘንድ ቅኔ ጀምሬ ነበር፤ ከጉባኤ ቃና አላለፍኩም እንጂ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምሁር አለ። የክርስቶስ አምላክነት በ325 በኒቅያ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ፣ ያውም ለጥቂት ያለፈ ነው ይላል። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰሙኝ። «እንግዲህ ሠለስቱ ምዕትን እጅ አስወጣቸው ነው የምትለኝ?» አሉና ሳቁ።

እኔ ግን አፈርኩ። ሠለስቱ ምዕት ማለት እኮ በስማቸው ሲቀደስ እየሰማን ያደግነው 318ቱ አባቶች ናቸው! ስማቸውን እያወቅኩ አንድም ጊዜ ከዚያ ጉባኤ ጋር አላገናኘሁትም። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ክርክሩ ወልድ ፍጡር ነው ስላለው ስለ አርዮስ ትምህርት ነበር። እስከ መጨረሻው ከአርዮስ ጋር ቆመው አንፈርምም ያሉት ደግሞ ሁለት ጳጳሳት ብቻ ናቸው። ለጥቂት የሚባል ነገር የለም።

ልቦለዱ ቤተ ክርስቲያን «የተደበቁ መጻሕፍት» አሏት የሚለውም ነገር እኛ አገር ሲደርስ ይደክማል። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰጂ። ሌላው ዓለም ሙሉውን ለብዙ መቶ ዓመታት አጥቶት ነበር። ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው በ1773 የግእዝ ግልባጮች ይዞ አውሮፓ የገባው። እዚህ ማንም አልደበቀውም፤ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ነው።

ኮዶቹን ግን አጎቴ ወደዷቸው። ፊደል ማገለባበጡን፣ በመስታወት የሚነበበውን ጽሑፍ፣ አንዲት ልጅ ከአያቷ የቀራትን በአምስት ፊደል የሚከፈት ቀለበት ቀለበት መቆለፊያ አንድ በአንድ አስነገሩኝ። መጨረሻ ላይ «ሰሙስ ደኅና ነው። ወርቁስ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛ ሳነበው የገባኝ ይሄ ነው። የመጽሐፉ እንቆቅልሽ አንዴ ከተፈታ አለቀ፤ ተመልሰሽ ብታነቢው ባዶ ነው። ጥሩ ቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ነው ሰሙ ራሱ የሚጥመው።

ስለዚህ አንብቢው። «እውነታ» የሚለውን ገጽም የልቦለዱ አካል አድርገሽ ቁጠሪው፤ ከሁሉም የተዋጣለት ልብ ወለድ እሱ ነው። እምነትሽን ይነካል ብዬ አልሰጋም። ብቻ አንድ ስም ወይም ዓመት ሲያስደነግጥሽ፣ ለሰው ከማውራትሽ በፊት አጣሪ። እኔ ያፈርኩት ሳላጣራ በመስበኬ ነው። ቅዳሜ ጀምሪው፤ ሰኞ ሥራ ካለሽ እሑድ ማታ እንዳትነኪው።

አጎቴ ያን ማታ ስንለያይ «ተረት ነው፣ ተወው» ብለውኝ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም አሉና «ለመሆኑ ያቺ ልጅ የአያቷን ሣጥን ከፈተችው?» አሉኝ።