ጥያቄና መልስ፦ አዲስ አማኝ ሽማግሌ ሆኖ ሊመረጥ ይችላል?

ጥያቄ፦ በአጥቢያችን የሽማግሌዎች ምርጫ ተቃርቧል። ከታጩት አንዱ ካመነ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ነገር ግን የተማረና ለሕንፃው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሰጠ ነጋዴ ወንድም ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ይፈቅዳል?

መልስ፦ ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን ለነበረው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ አዲስ አማኝ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ ለዚህ ኃላፊነት እንዳይሾም አሳስቧል (1ኛ ጢሞ. 3፥6)። በቀርጤስ ለነበረው ለቲቶ በተጻፈው ዝርዝር ውስጥ ይህ ክልከላ አለመጠቀሱን የሚያነሡ አሉ፤ ምክንያቱ ምናልባት በዚያ የነበሩት ጉባኤዎች ገና ጀማሪ መሆናቸው ሊሆን ይችላል። የቆዩ ምእመናን ያሉት አጥቢያ ግን በዚህ ሊያመካኝ አይችልም።

በሁለቱም መልእክቶች የተዘረዘሩት መስፈርቶች አብዛኞቹ ስለ ጠባይና ስለ ቤተሰብ አያያዝ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ከችሎታ ወገን ጎልቶ የሚታየው የማስተማር ብቃት ነው። ሀብት ከነጭራሹ አልተጠቀሰም፤ እንዲያውም ገንዘብን የማይወድ መሆን እንዳለበት ታዝዟል። የወንድማችን ልግስና የሚመሰገን ነው፤ ለሹመት መብቃቱን ግን አያረጋግጥም። (ለጋሾችን በሹመት የማመስገን ልማድ በብዙ አጥቢያዎች እንዳለ አንባቢያችንም ሳይታዘቡ አልቀሩም።)

ጳውሎስ ዲያቆናት እንኳ አስቀድመው እንዲፈተኑ፣ ጢሞቴዎስም እጅ ለመጫን፣ ማለትም ለመሾም፣ እንዳይቸኩል ስላዘዘ (3፥10፤ 5፥22)፣ ወንድማችን ለጊዜው በሌላ አገልግሎት ይሰማራ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ካሉት ሰዎች መልካም ምስክርነት ሊኖረው ስለሚገባም (3፥7)፣ ጊዜው ሲደርስ መራጮች ሠራተኞቹንና ደንበኞቹን ጭምር ይጠይቁ።