ለደሴና ለኮምቦልቻ ሴት ጋዜጠኞች፦ በደኅናው ቀን ተሰባሰቡ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችሁ አንዷ ቤቴ መጥታ ነበር። ቡናው አቦል ሳይቀዳ ማልቀስ ጀመረች። ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ሦስት ዓመት ያዘጋጀችው ፕሮግራም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቃት። እሷ በዓል ሲመጣ የመልካም ምኞት መልእክት እንድታነብ ተመድባለች። ለምን ብላ ስትጠይቅ «ላንቺው ብለን ነው፣ ሕፃን ይዘሻል» አሏት። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስመለስ ከስምሪት የቀረሁት በዚሁ ቃል ነው። በእሷና በእኔ መካከል ሠላሳ ዓመት አለ።

አብሽሪ ብዬ ካረጋጋኋት በኋላ «ለማን ነገርሽ?» አልኋት።

«ለማንም» አለች።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በዚህ መልሷ ምክንያት ነው። እኔም ያኔ ለማንም አልነገርሁም። ብቻዬን አለቃዬ ቢሮ ገባሁ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ስናወጋ፣ በዚያው ቤት ሌሎች ሁለት ሴቶችም ከወሊድ መልስ እንደኔው መሆናቸውን ሰማሁ። አንዷ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነበር የምትቀመጠው። ሦስታችንም ጥፋቱ የየራሳችን መስሎን፣ አፍረን ዝም ብለን ኖረናል። ሦስት ሆነን ገብተን ቢሆን «ላንቺው ብለን ነው» የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም ነበር። ለሦስት ሴት እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ወሎ ያደጋችሁ ቅሬን ታውቃላችሁ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። እናቴ የሴቶች ቅሬ አባል ነበረች። ሰው የሞተ ቀን ቅሬ የሚያቋቁም የለም። ድስቱም ድንኳኑም የሚገዛው ማንም ባልሞተበት ወር በተዋጣ ገንዘብ ነው። ከመዋጮ የዘገየች ትቀጣለች፣ ለቅሶ የቀረች ትቀጣለች። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። እናቴ በወር የምታወጣውን ሳንቲም ከጨውና ከበርበሬ እኩል ነበር የምትቆጥረው፤ ዛሬ ማን ሞተና ብላ አታውቅም። የሙያ ማኅበር ምን እንደሆነ የገባኝ በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን እናቴን በማየት ነው።

የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ሴቶች ማኅበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት፣ የመሠረቱት ሴቶች ይህንኑ ያሰቡ ይመስለኛል። ሥልጠናው፣ ውይይቱ፣ ሴት ጋዜጠኛ ወደ ኃላፊነት እንድትወጣ መጎትጎቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አክብሩት፣ አባል ሁኑ። ነገር ግን ደሴ ያለች ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ችግር ሲገጥማት አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቅርብ የሚደርስላት ሰው ያስፈልጋታል።

ይህን ከራሴ ላውጋችሁ። ለአንድ የምሽት ዝግጅት ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ቀረጻዬን ጨርሼ ስወጣ የመጣሁባት መኪና የለችም፤ እንግዶች ይዛ ወጥታለች። ክረምት ነው፣ ወደ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ ወርዷል፣ ሞባይል የሚባል ነገር የለም። መናኸሪያው በር ላይ መቅረጸ ድምፄን ታቅፌ ቆሜ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣች፣ በዓይን ብቻ የማውቃት ጋዜጠኛ አየችኝ። «ነይ» አለችኝ፣ ሌላ አልጠየቀችኝም። ዘመዶቿ ቤት ወሰደችኝ፣ አብረን አደርን። ዜና በመቅደም ተፎካካሪዬ ነበረች፤ በማግስቱም ቀደመችኝ። ማኅበር ማለት ለእኔ ያቺ ሴት ናት፣ ግን በአጋጣሚ ሳይሆን በስምምነት የምትገኝ። ስለዚህ የምትሰባሰቡት በየመሥሪያ ቤታችሁ ተለያይታችሁ አይሁን። የመንግሥቱም፣ የግሉም፣ የዩኒቨርሲቲው የኮሙኒኬሽን ክፍልም ይቀላቀል። ዜና ከምታነበው ልጅ ጋር ካሜራ የምትይዘዋ፣ ቋሚ ቅጥር የሌላትም ትግባ። ቋሚ ቅጥር የሌላት እንዲያውም ቀድማ ትግባ፤ እሷን የሚከለክልላት የቅጥር ደብዳቤ እንኳ የለም።

የገንዘቡን ነገር ብዙዎች ያፍሩበታል፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴቶች መብትም እዚያው ውስጥ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የሚያህል፣ ስንት ምስኪን ሴት በነጻ የሕግ ምክር ያገኘችበት ተቋም ሥራው ክፉኛ ተዳከመ። ሕጉ ስህተት ነበር፣ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። እኔ ግን በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የእናቴን ቅሬ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። በአባላቱ ሳንቲም የቆመን ነገር ከሩቅ የሚቆርጥበት የለም። እርዳታ ሲመጣ ተቀበሉ፤ የሻዩንና የስልኩን ወጪ ግን ራሳችሁ ቻሉት። በ2011ዱ አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው ይበቃል። አምስት ሴት ጋዜጠኛ በእነዚህ ሁለት ከተሞች አይጠፋም።

ተሰባስበን ምን እንሥራ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ሕጉን አብራችሁ አንብቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ በሥራ ቦታ ፆታዊ ትንኮሳንም በስም ጠርቶ ከልክሏል። አንዲት ሴት ስትመለስ ማን ወንበሯ ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቃት ግን በየመሥሪያ ቤቱ ነው የሚወሰነው፣ እዚያ ላይ ነው ተሰባስቦ መጠየቅ የሚያስፈልገው። የደረሰባችሁን በዚያው ቀን ጻፉ፤ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ። ጋዜጠኛ ሆነን የሰውን በደል በቀንና በሰዓት እንመዘግባለን፣ የራሳችንን ግን በእንባ ብቻ እናስቀረዋለን። እኔ አንድ ወረቀት የለኝም።

ሌላው ሥራችሁ ራሱ ነው። በየ5 ዓመቱ የብዙ አገሮችን ዜና የሚፈትሽ ዓለም አቀፍ የመገናኛ ብዙኃን ቅኝት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዜና ውስጥ ከሚነሱና ከሚናገሩ ሰዎች ሴቶች 17 በመቶ ነበሩ፤ በ2020 ገና 25 በመቶ። ይህን ለማወቅ የውጭ አጥኚ አትጠብቁ። የአንድ ሳምንት ዜናችሁን ይዛችሁ በስማቸው የተናገሩ ሴቶችን ቁጠሩ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ሲወጣ መንገዱን የሚሞሉት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በዜናው ላይ ግን ስለ እነሱ የሚናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ኤዲቶሪያል ስብሰባ ግቡ። ቁጣ የማይቀበል አርታኢ ቁጥር ያዳምጣል፤ ይህን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ያቺ እያለቀሰች የመጣችው ልጅ ትናንት ደወለችልኝ። ከመሥሪያ ቤቷ ሁለት አግኝታለች፤ አንደኛዋ ላይ የደረሰው ከእሷ የባሰ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ይመጣሉ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ጉሙ ሳይወርድ እንድትመለሱ በጊዜ ድረሱ፣ የመሸባት እኔ ጋ ታድራለች። ቡናው ከእኔ ነው። መዝገብና እስክሪብቶ ግን ይዛችሁ ኑ።