«ገድለ ሚካኤል» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። በወር በ12 ቀን የሚካኤልን ማኅበር ስንጠጣ አንድ ልጅ «ገድለ ሚካኤል ይነበብልን» ቢል፣ መሪጌታው «ድርሳነ ሚካኤል በል» ብለው አረሙት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ደግሞስ «የገድለ ተክለ ሃይማኖት» ማለት ስሕተት ነው?

መልስ፦ መሪጌታው ልክ ናቸው። ገድል «ተጋደለ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር የሚሄድ ቃል ነው፤ ትግል፣ ተጋድሎ ማለት ነው። የሚጋደል ደግሞ ሥጋ የለበሰ፣ የሚራብና የሚፈተን ሰው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በንጉሥ ዱድያኖስ ፊት የተቀበለው መከራ ገድል ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩትም እንዲሁ። ሚካኤል ግን መልአክ ነው፤ አይራብም፣ አይሞትም። ስለ እርሱ የሚነበበው ድርሳን፣ ማለትም ተደርሶ ለሕዝብ የሚነገር ትምህርት ነው። መጽሐፉም በየወሩ በ12 እንዲነበብ በወር በወሩ ተከፍሏልና፣ በኅዳር የኅዳሩን፣ በሰኔ የሰኔውን ክፍል ማውጣት ነው።

ድርሳን ለመላእክት ብቻ ነው እንዳይሉ ግን አደራ። «ድርሳነ ሚካኤል» ስለ ሚካኤል የተደረሰ ነው፤ «ድርሳነ ዮሐንስ አፈወርቅ» ግን ዮሐንስ አፈወርቅ ራሱ የደረሰው ነው። አገባቡ አንድ ዓይነት ሆኖ ፍቺው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው መደናገሪያ ተአምር ነው። የአንድ ጻድቅ የገድል መጽሐፍ ሲገለጥ ብዙ ጊዜ ልደቱ፣ ምንኩስናው፣ የተሰጠው ቃል ኪዳንና ዕረፍቱ ይቀድማሉ፤ ተአምራቱ ይከተላሉ፤ መልክኡም መጨረሻ ላይ ይታከላል። ስለዚህ ከኋላ አንዲት ተአምር ብቻ አንብቦ «ገድሉን አነበብን» ማለት ልክ አይመጣም፤ «ተአምሩን ሰማን» ነው የሚባል። መልክእ ግጥም ነው፦ «ሰላም ለዝክረ ስምከ» ብሎ ከስሙ ይነሣና ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል ሰላም ይላል። ስንክሳር የየዕለቱን ቅዱሳን ባጭሩ የሚያነሣ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። በግእዝ ቋንቋ በሳድስ (በስድስተኛው ፊደል፣ እንደ «ል») የሚያልቅ ስም ሲዛረፍ፣ ማለትም ከባለቤቱ ስም ጋር ሲያያዝ፣ መጨረሻው ወደ መጀመሪያው ፊደል (እንደ «ለ») ይለወጣል፦ ገድል ገድለ፣ ድርሳን ድርሳነ፣ ተአምር ተአምረ ይሆናል። በሣልስ (በሦስተኛው) የሚያልቀው ወደ ኀምስ (ወደ አምስተኛው) ይሄዳል፤ ጸሓፊ «ጸሓፌ ትእዛዝ» ላይ ጸሓፌ እንደሆነው። በራብዕ (በአራተኛው) የሚያልቀው፣ ለምሳሌ ዜና፣ አይነካም። ይህች ለውጥ የአማርኛውን «የ» ሥራ ስለምትሠራ፣ «የተክለ ሃይማኖት ገድል» ለማለት «የገድለ ተክለ ሃይማኖት» ካሉ ዘርፉ ተደረበ። «የተክለ ሃይማኖት ገድለ» ደግሞ ጨርሶ አያስኬድም። መጽሐፉን በስሙ ጠርተው «የገድለ ተክለ ሃይማኖት ትርጉም» ቢሉ ግን ምንም ነውር የለበትም፤ «የ» ያረፈው በመጽሐፉ ስም ላይ ነውና።

አማርኛው ገድልን ለአርበኛም አውሶታል፤ የበላይ ዘለቀ ገድል ሲባል ጎጃም ውስጥ የማይገባው የለም። «ገድለ በላይ» ቢሉ ግን ሰሚው ዕጣንና ጧፍ ይታየዋል፤ የግእዙ ዘርፍ ቃሉን ወደ ቤተ መቅደስ ይመልሰዋል።