ጥላው ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ወር ወደ ውጭ ሊሄዱ ዕቃቸውን ከሚሸጡ ጎረቤቶቻችን ፍሬም ያለው የታተመ ሥዕል ገዛሁ። ከጀርባው በእስክሪብቶ «ሬኗር፣ በርንቫል፣ 1879» ተብሎ ተጽፎበታል። ቅርጫት ያዘለች ወጣት፣ አጠገቧ ልጆች፣ ከኋላቸው ባሕር አለ። ያልገባኝ ጥላው ነው፤ ጥቁር መሆን ሲገባው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፀሐይ መትቶት ተበላሽቶ ይሆን? አማቴ ደግሞ «ይቺማ የእንጦጦ እንጨት ለቃሚ ናት» ብለው ድርቅ ብለዋል።
ት. ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ከአማትሽ ልጀምር፤ ሥዕሉ ከሁላችንም ይልቅ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

ሬኗር ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር፤ በርንቫል ደግሞ በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ጠረፍ፣ ዲዬፕ ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ናት። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ድንጋዩ ይገለጣል፤ ድንጋዩ ላይ ፈረንሳዮች «ሙል» የሚሉት ጥቁር ዛጎል ያለው ትንሽ ፍጥረት ተጣብቆ ይገኛል። (እኛ አፋችን አናስጠጋውም፤ እነሱ በወይን ጠጅ ቀቅለው ይበሉታል።) ሴቶችና ልጆች ውኃው ሳይመለስ ነቅለው ቅርጫታቸውን ይሞላሉ። ልጅቷ ሙል ለቃሚ ናት። እንጦጦ ላይ ሌሊት ተነስተው ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርዱት ደግሞ የባሕር ዛፍ ያዝላሉ። ባሕሩ እዚህም ከስሙ አልጠፋም። ጀርባው ግን ያው ጀርባ ነው፤ አማትሽ ያዩት እሱን ነው።

ወደ ጥላው ልምጣ። ተማሪ ሳለሁ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችን ስስል ጥላውን ሁሉ ከጥቁር ቀለም ቱቦ እየጨመቅሁ ሞላሁት። መምህሬ ምንም ሳይናገሩ ቱቦውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ሦስት ወር ሙሉ አልመለሱልኝም። ተናድጄ ነበር።

ጥላ ጥቁር እንዳልሆነ አንቺም ሞክረሽ እዪው። ደመና በሌለበት ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነጭ ነጠላ አጥበሽ በረንዳ ላይ ስጪ። ወረቀት ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ አብጂና በእሷ በኩል መጀመሪያ ፀሐይ የመታውን፣ ቀጥሎ እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ጥላ እዪ። ፀሐይ የመታው ሞቅ ብሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ እጥፋቱ ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ባትደርስበትም ሰማዩ ያበራዋላ! ቀዳዳዋ የምትጠቅመው «ነጠላ ነጭ ነው» እያለ የሚያታልልሽን አእምሮሽን ዝም ለማሰኘት ነው። በክረምት አትልፊ፣ አይሠራም።

ሬኗርና ጓደኞቹ ይህን ያዩት ሸራቸውን ይዘው ከቤት ስለወጡ ነው። ቀለም በቆርቆሮ ቱቦ መሸጥ ከጀመረ ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት መሆኑ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በፈረንጆች 1874 ፓሪስ ውስጥ ሥራቸውን በጋራ ሲያሳዩ አንድ ጋዜጠኛ ከጓደኛቸው ከሞኔ ሥዕል ርዕስ ወስዶ «ኢምፕሬሽኒስት» ብሎ አላገጠባቸው። ስሙም በዚያው ጸና።

ሬኗርን በአንድ ነገር ግን እወቅሰዋለሁ። ልጆቹን አሳምሯቸዋል። ጉንጫቸው ኮክ ይመስላል። የጨው ውኃ የላጠው ጣት፣ ዛጎል የቧጨረው እጅ ፈልጊ፤ አታገኚም። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ ራሱም በ13 ዓመቱ ገደማ የፖርሴሊን ዕቃ ላይ እየሳለ እንጀራውን ይበላ ነበር። የልጅ ሥራ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሥዕል ግን በ1880 ሀብታሞች ለሚጎበኙት ትልቁ የመንግሥት ኤግዚቢሽን አቀረበው። ገዢ ይፈልግ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ ግን ይታየኛል። ዋናው ሥዕል ቁመቱ 175 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ አሁን አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ፣ ባርንስ በተባለው ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ያም ሆኖ ጥርጣሬሽን አልንቀውም። የታተመ ሥዕል ፀሐይ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚለቀው ቢጫውና ቀዩ ነው፤ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ፍሬሙን ፈትተሽ በእንጨቱ ተሸፍኖ የቆየውን ጠርዝ ከቀረው ጋር አስተያዪ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ሞቅ ካለ ቅጂሽ ደብዝዟል። አንድ ዓይነት ከሆነ ሰማያዊው የሬኗር ነው፤ ከመስኮት ትይዩ ካለው ግድግዳ አንስተሽ አማትሽ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት ስቀዪው።